ወጣት ለቀጠረ ድርጅት መንግሥት ደመወዝ ይክፈል?

ጠያቂዋ፦ እስቲ ዛሬ የሚያከራክር ነገር ላምጣ። ሶላር ለሚገጥም፣ ቆሻሻ መልሶ ለሚጠቀም ወይም ደን ለሚያለማ ድርጅት «ወጣት ቅጠር፣ ከደመወዙ ከፊሉን እኔ እሸፍናለሁ» የሚሉ መንግሥታት አሉ። እኔ ደጋፊ ነኝ። ወጣቱ ሥራ ይይዛል፣ አየሩም ይጸዳል። የሚቃወም ይምጣ። (ዓመት የምትጠቅሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁንልን። ባለፈው ተደበላልቆብን በሰባት ዓመት ልዩነት ስንጨቃጨቅ ነበር።)

ቆጣሪው፦ መጣሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው። ያለ ድጎማውም ሊቀጠር ለነበረ ልጅ ለምን እንከፍላለን? 100 ልጆች ተቀጠሩ እንበል። ከእነሱ 70ዎቹ እንዲሁም ይቀጠሩ ነበር። የከፈልነው ለ100 ነው፣ የተፈጠረው ሥራ ግን 30። አንዱ ሥራ ከሦስት እጥፍ በላይ ፈጀብን ማለት ነው።

ደግሞ ዮርዳኖስ የምትባለውን አገር እዩ። በ2010 ከኮሌጅ ለተመረቁ ሴቶች ኩፖን ተሰጠ። የቀጠራቸው ድርጅት እስከ ስድስት ወር ድረስ በወር 150 ዲናር ያገኛል። ያኔ ዝቅተኛው ደመወዝ ያው 150 ነበር። ኩፖኑ እስኪያልቅ ድረስ ኩፖን የደረሳቸው ሴቶች ካልደረሳቸው ወደ 40 በሚጠጋ የፐርሰንት ነጥብ በልጠው ሥራ ያዙ። ኩፖኑ አለቀ፣ ልዩነቱም አብሮት ጠፋ። ሥራ ተከራየን እንጂ አልገዛንም።

ችግኝ፦ ዮርዳኖስ ድረስ ምን አስኬደህ? እኔ አለሁልህ። በእንዲህ ዓይነት ድጎማ ስድስት ወር ተቀጥሬ ነበር። ድርጅቱ ፕላስቲክ መልሶ የሚጠቀም ነው፣ ስሙን ልተወው። ፕላስቲኩን ያየሁት በመስኮት ነው። እኔ ፋይል አደራጃለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒዩተሩን ስከፍት የመግቢያው ስም የሌላ ሴት ነበር። «ከአንቺ በፊት የነበረችው ናት፣ እንዳለ ተጠቀሚበት» አሉኝ። ስድስት ወር ሙሉ በሰው ስም ገብቼ ወጣሁ። ስሰናበት አንድ ልጅ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ገና አልቀዘቀዘም። ልጁም በዚያችው ልጅ ስም ገባ።

በወረቀት ላይ ሦስታችንም «አረንጓዴ ሥራ» ላይ ነበርን።

ፓነል ገጣሚ፦ እህቴ፣ ያ ድርጅት ሌባ ነው። ግን ሁላችንም በእሱ አንመዘን። እኔ ትንሽ የሶላር ሥራ አለኝ፣ ድጎማም ወስጄ አውቃለሁ። ጀማሪ ሲመጣ የሚከብደኝ ደመወዙ አይደለም። የሚከብደኝ የዋናው ባለሙያዬ ሰዓት ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የፓነል ገመዶች ጫፋቸው ላይ ኮኔክተር አለ። ሽቦውን በትክክለኛው ፒንሳ ትጨምቀዋለህ፣ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ትገፋቸዋለህ፣ «ቀጭ» ይላል። ያ ድምፅ ካልተሰማ ገመዱ የተያያዘ ይመስላል እንጂ አልተያያዘም። ወይ ሽቦው በደንብ ካልተጨመቀ፣ ለጊዜው ይሠራል። ከወራት በኋላ መጋጠሚያው እየጋለ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፣ ሲብስም እሳት ይነሳል። ፓነል ደግሞ እንደ አምፖል አይጠፋም። ፀሐይ እስካለች ድረስ ኤሌክትሪክ አለው። ስለዚህ ልጁ እያንዳንዷን መጋጠሚያ ሲሠራ አጠገቡ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ጣሪያ ላይ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ ለሳምንታት። በዚያ ጊዜ ባለሙያዬ የራሱን ሥራ በግማሽ ነው የሚሠራው። ልጁ ሲለምድ ደግሞ ትልቁ ተፎካካሪዬ ትንሽ ጨምሮለት ይወስደዋል። ያሠለጠንኩት እኔ፣ የተጠቀመው እሱ። ታዲያ ይህን ወጪ ብቻዬን ለምን ልሸከም?

ጠያቂዋ፦ ይኸው! ቆጣሪው ዮርዳኖስን አመጣ እንጂ ስዊድንን ዘሏታል። ስዊድን በ2007 ወጣት ለሚቀጥሩ የአሠሪዎችን የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ ቀነሰች፣ በ2009 ደግሞ አሰፋችው። የወጣቶች ቅጥር ከ2 እስከ 3 በሚሆን የፐርሰንት ነጥብ ጨመረ። ቅናሹ በ2015 እና 2016 ከተነሳ በኋላም ጭማሪው እንደ ዮርዳኖሱ ወዲያው አልጠፋም።

ቆጣሪው፦ አልዘለልኳትም፣ ለእኔ ስለምትመቸኝ አስቀምጫት ነው። የስዊድኑ ለወጣት ሁሉ ነበር። ዕድሜህ ከደረሰ በቃ፣ ማመልከቻ የለም። የምናወራው ግን ማመልከቻ፣ ኩፖንና ማረጋገጫ ስላለው ነው። በአሜሪካ፣ ዴይተን በምትባል የኦሃዮ ከተማ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለችግረኞች የደመወዝ ኩፖን ሰጥተው «ለአሠሪ አሳዩ» አሏቸው። ኩፖን የያዙት ካልያዙት ያነሰ ተቀጠሩ! አሠሪው ወረቀቱን ሲያይ «ይሄ ሰው ምን ጉድለት ቢኖርበት ነው መንግሥት የሚመርቅለት?» ሳይል አልቀረም።

ችግኝ፦ እውነት ነው። እኔም ቢሮ ውስጥ «የድጎማዋ ልጅ» ነበርኩ። ስም ነበረኝ እኮ።

ጋሼ ቮልት፦ ልጆች፣ ሠላሳ ዓመት ኤሌክትሪክ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ትንሽ ልናገር። «አረንጓዴ» የምትሉት ነገር ግራ ያጋባኛል። የንፋስ ኃይል ድርጅት ውስጥ ስልክ የሚያነሳው አረንጓዴ ነው? ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ የሞተሩን ፍጆታ የሚቀንሰው ቴክኒሻንስ አይደለም? እኔን ብትጠይቁኝ ሁለተኛው ይበልጣል። መታየት ያለበት ልጁ በእጁ የሚሠራው ነው፣ በር ላይ የተለጠፈው ስም ምን ያደርጋል? የዓለም ሥራ ድርጅት ትርጉም እንኳ አካባቢን የሚጠብቅ *እና* የሠራተኛውን ክብርና ደኅንነት የሚጠብቅ ሥራ ይላል። ያለ ቀበቶ ጣሪያ የሚያስወጣ ሥራ በዚህ ትርጉም አረንጓዴ አይባልም።

ሌላው ደግሞ ገበያው ነው። እንግሊዝ በመስከረም 2020 ቤት ለማደስ ቫውቸር ጀመረች፣ ሙቀት እንዳያመልጥ ግድግዳ ለመሸፈን ምናምን። 600,000 ቤት ታስቦ ነበር። በመጋቢት 2021 ተዘጋ። የታደሰው 50,000 እንኳ አልሞላም። ለዚያ ሥራ ብለው ሰው ቀጥረው የነበሩ ድርጅቶች አሰናበቱ። የደመወዙን ሙሉ ብትደጉሙላቸውስ ምን ያሠሯቸዋል? ደንበኛ ከሌለ ልጁ የሚማረው ፓነል መወልወል ነው።

ፓነል ገጣሚ፦ ጋሼ፣ ይችን ሁሌ ነው የምለው። ለእኔ የሁለት ዓመት የታወቀ ሥራ ከድጎማ ይበልጣል።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ ትንሽ ላፈግፍግ። ገንዘቡ ለሁለት ይከፈል። ግማሹ መጀመሪያ ላይ፣ ለአሠልጣኙ ሰዓት ተብሎ። ግማሹ ልጁ በ12ኛው ወር በዚያው ድርጅት ከተገኘ። ወንበር የሚያፈራርቅ ድርጅት ሁለተኛውን አያይም። ልጅቷም ስትወጣ የሙያ ምስክር ወረቀት ትያዝ።

ችግኝ፦ በራሷ ስም።

ፓነል ገጣሚ፦ እስማማለሁ፣ ግን የመጀመሪያው ግማሽ ይፍጠን። ትንሽ ድርጅት ዓመት ጠብቆ ገንዘብ መቀበል አይችልም። እንደዚያ ከሆነ የሚያመለክተው ትልቁ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀድሞም ሊቀጥር ነበር።

ቆጣሪው፦ ወደ እኔ ጥያቄ መጣህልኝ። ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ድጎማው ባይኖር በዚያ ዓመት ስንት ጀማሪ ትቀጥር ነበር?

ፓነል ገጣሚ፦ እውነቱን? አንድ።

ቆጣሪው፦ በድጎማውስ?

ፓነል ገጣሚ፦ ሁለት።

ቆጣሪው፦ እንግዲያው ለሁለተኛው እከፍልሃለሁ፣ ለአንደኛው ግን አልከፍልም። ያልተሞከረ ነገር አይደለም። አሜሪካ በ1977 እና 1978 ለአሠሪዎች የግብር ቅናሽ ስትሰጥ የምትመለከተው ከባለፈው ዓመት 2 በመቶ ያለፈውን የቅጥር ጭማሪ ብቻ ነበር።

ፓነል ገጣሚ፦ ጥሩ፣ ግን «ሁለተኛው» የትኛው ልጅ ነው? ሁለቱም አንድ ቀን ነው የገቡት። ደግሞ በመሃል ነባሩ ሠራተኛ ቢለቅብኝስ? ሁለት ቀጥሬ ያደግሁት በአንድ ብቻ ይሆናል፣ ጥፋቱም የእኔ አይደለም።

ጋሼ ቮልት፦ ወይ ጉድ፣ አሁን ገና ክርክሩ ተጀመረ።

ቆጣሪው፦ ልጁን አልለይም፣ የደመወዝ መዝገብህን ነው የማየው። የለቀቀብህን ሰው ለመተካት ሦስት ወር እሰጥሃለሁ። ባለፈው ታኅሣሥ ስንት ሰው ነበረህ?

ፓነል ገጣሚ፦ አራት። አንዱ ግን የወንድሜ ልጅ ነው፣ እሱን ሠራተኛ ካልከው።