በትንሽ በጀት ክሩዝ ልንይዝ ነው፤ ምኑን እናስቀድም?

የባሕር እንግዳ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዛችን እየቀነስን ለአንድ የክሩዝ፣ ማለትም የመዝናኛ መርከብ፣ ጉዞ ስናጠራቅም ቆይተናል። ገንዘቡ ሊሞላ ነው፤ አሁን ደግሞ ምኑን እንደምናስቀድም ግራ ገባን። እናቴም አብራን ትሄዳለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ቀስ ብላ ትራመዳለች እንጂ ደረጃ አይሆንላትም።

ሦስት አማራጭ ይዘናል፣ ዋጋቸው ይቀራረባል። አንደኛው አዲስና ግዙፍ መርከብ ነው፣ 7 ሌሊት፣ ካቢኑ (የምናድርበት ክፍል) ግን መስኮት የለውም። ሁለተኛው አሮጌና አነስ ያለ መርከብ ነው፣ 7 ሌሊት በሜዲትራኒያን፣ በረንዳ ያለው ካቢን፣ አምስት ወደብ። ሦስተኛው አትላንቲክን የሚያቋርጥ 13 ሌሊት ነው፤ በቀን ሲሰላ ከሁሉም የረከሰው እሱ ነው።

ባለቤቴ በረንዳ ካልሆነ ይላል። ጠዋት ተነስቶ ማንም ሳይረብሸው ባሕሩን እያየ መቀመጥ ነው ሕልሙ። እኔ አገር ማየት ነው የምፈልገው። እናቴ «እናንተ ያላችሁት ይሁን» ብላ ዝም አለች፣ ለእኔ ግን የእሷ ምቾት ነው የሚያሳስበኝ። ዕዳ ይዘን መመለስም አንፈልግም። የሄዳችሁ ሰዎች፣ እጃችሁ ላይ ባለው ገንዘብ ምኑን አስቀደማችሁ? ምኑን ትታችሁት አልቆጫችሁም?

ሰማያዊ መልህቅ

እህቴ፣ መርከብ ከመምረጥሽ በፊት የሦስቱንም ዋጋ እንደገና አስልተሽ እዪው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር የመጨረሻው ሂሳብ አይደለም። መጀመሪያ ነገር፣ የሚጻፈው ዋጋ የአንድ ሰው ነው፣ ያውም ካቢኑን ሁለት ሰው ሲይዘው። ግብሩና የወደቡ ክፍያ አንዳንድ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ከዚያ የሠራተኞች ጉርሻ አለ። ወደ ካሪቢያን የሚጓዙት ትልልቅ መርከቦች ለመደበኛ ካቢን ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ያስከፍላሉ። በ17 ብናስበው ለሦስታችሁ ለ7 ሌሊት 357 ዶላር ነው። ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያው ጉዟችን ይህን ማንም አልነገረንም። ዋናው ምግብ ቤት፣ ቡፌው፣ ትርኢቱ፣ መዋኛው በዋጋው ውስጥ ስለነበር ሁሉም የተከፈለበት መሰለን። በመጨረሻው ሌሊት ሂሳባችንን በበሩ ሥር አስገቡልን። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ ለስላሳ፣ የታሸገ ውሃ፣ ዋይፋይ፣ አንድ ሰውዬ ደረጃ ላይ ያነሳን ፎቶ፣ እንደገና ለስላሳ። ሳምንቱን ሙሉ የመርከቡን ካርድ እያሳየን ወስደናል፣ ገንዘብ ከእጃችን ሲወጣ ስላላየነው አልታወቀንም። ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ውሰጂና ለሦስቱም ጻፊ፤ ቲኬት፣ ግብር፣ ጉርሻ፣ አውሮፕላን፣ ከመሳፈሪያው በፊት የምታድሩበት ሆቴል፣ ቪዛ፣ ኢንሹራንስ፣ በየወደቡ የምታወጡት። አሁን ይቀራረባል የምትዪው ዋጋ ያኔ ሊራራቅ ይችላል። የመጠጥ ፓኬጅ (ለመጠጥ በአንድ ላይ ቀድሞ የሚከፈል) ሲያቀርቡልሽ ደግሞ ደንቡን አንብቢ፤ በብዙ መርከቦች ከአንድ ካቢን አንድ አዋቂ ከገዛ ሌሎቹም አዋቂዎች እንዲገዙ ይገደዳሉ። እናትሽ የማይጠጡትን ልትከፍዪ ነው ማለት ነው።

ኢንሹራንሱን ግን አትቀንሺው። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ፣ ሕክምናው ግን በሂሳብሽ ላይ ነው የሚጻፈው፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ከእናት ጋር እየተጓዙ በዚህ መቆጠብ አይገባም።

ሻንጣ በእጄ

እኔ ወደቦቹን አስቀድሙ ነው የምለው። የወደቡን ስም ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም። ሁለት መርከብ አንድ ከተማ ይደርሳሉ፤ አንዱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 1 ሰዓት ይቆማል፣ ሌላው ከቀኑ 6 ሰዓት ገብቶ 11 ሰዓት ላይ ይወጣል። ማስታወቂያው ላይ ግን ሁለቱም አንድ ወደብ ተብለው ነው የሚቆጠሩት።

ሌላም አለ። «ሮም» ተብሎ ቢጻፍ መርከቡ የሚቆመው ሮም አይደለም፣ ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከዚያ ሮም ለመድረስ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይቀራል። «ፍሎረንስ» የሚሉት ወደብ ሊቮርኖ ነው፣ ከዚያም የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ አለ። ከፈረንጆቹ 2021 ጀምሮ ትልልቅ መርከቦች በቬኒስ መሃል እንዳያልፉ ስለተከለከለ «ቬኒስ» ብለው የሚሸጡትም አንዳንዱ ጉዞ የሚነሳው ከራቬና ነው፣ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና። መርከቡ የሚያዘጋጀው ጉብኝት ውድ ነው፣ በባቡር በራሳችሁ ብትሄዱ በጣም ይረክሳል። ግን አንድ ልዩነት አለው። ከመርከቡ ጉብኝት ጋር ሆናችሁ ብትዘገዩ ይጠብቃችኋል፤ በራሳችሁ ሄዳችሁ ብትዘገዩ ጥሏችሁ ይሄዳል። እኔ ራቅ ላለው ከተማ የመርከቡን እገዛለሁ፣ ወደብ ላይ ላለችው ከተማ በእግሬ ነው የምወጣው።

ለእናትሽ ስትዪ ደግሞ ይህን አጥብቀሽ ጠይቂ፤ መርከቡ ወደቡ ላይ ይቆማል ወይስ ባሕር ላይ ቆሞ በትንሽ ጀልባ ነው የሚያወርዳችሁ? የግሪኳ ደሴት ሳንቶሪኒ ለምሳሌ በጀልባ ነው። ጀልባዋ ከመርከቡ ጎን ትወዛወዛለች፣ ሠራተኞቹ ክንድ ክንድሽን ይዘው «አሁን!» ሲሉሽ ነው የምትረግጪው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ከፊቴ ነበሩ። እግራቸውን አነሱ፣ መለሱት፣ እንደገና አነሱ፣ በመጨረሻ «ልጆቼ እናንተ ሂዱ» ብለው ተመለሱ። ያቺን ደሴት ከመርከቡ ላይ ሆነው ነው ያዩዋት። ቢወርዱም ከታች ወደ ከተማዋ የሚያወጣው ኬብል ካር (በገመድ የሚሄድ ሳጥን) ወይም ብዙ መቶ ደረጃ ነው፣ የኬብል ካሩ ሰልፍ ደግሞ በበጋ ረጅም ነው። ከአምስቱ ወደብ ስንቱ በጀልባ እንደሆነ ሳታውቂ ቀብድ አትክፈዪ።

ፀጥ ያለ ሌሊት

ከላይ ካለው ጋር እስማማለሁ፣ ካቢኑን ግን እንዲህ በቀላሉ አትለፉት።

መስኮት የሌለው ካቢን መጥፎ አይደለም። እኔ ሁለት ጊዜ ተኝቼበታለሁ። ጨለማ ነው፣ ጠዋት ይሁን ሌሊት አይታወቅም፣ እንቅልፍ ለሚወድ ሰው ግን እንዲያውም ጥሩ ነው። በረንዳ ሲከፈልበት የሚያስቆጨው ወደብ በበዛበት ጉዞ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ውጭ ናችሁ፣ ማታ ደክማችሁ ትገባላችሁ፣ በረንዳው ላይ የምትቀመጡት ስንት ሰዓት ነው? ለባለቤትሽ ደግሞ አብዛኛው መርከብ ላይ በጠዋት ማንም የማይደርስበት ክፍት ቦታ አለ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጫፍ ላይ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቢወጣ ባሕሩ የእሱ ነው።

ከዓይነቱ ይልቅ ቦታው ነው ወሳኙ። «ካቢኑን እኛ እንመርጥልዎታለን» የሚል ረከስ ያለ ዋጋ አለ። አንድ ጊዜ እሱን ገዛሁ፤ ከመዋኛው ሥር ጣሉኝ። በየሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ወንበሮቹን ሰብስበው ሲጎትቱ ብረቱ ጭንቅላቴ ላይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር፣ ንጋት ላይ ደግሞ መልሰው ይዘረጓቸዋል። አሁን ትንሽ ጨምሬም ቢሆን ቁጥሩን ራሴ እመርጣለሁ። ከላይም ከታችም ካቢን ያለበትን ፎቅ ያዙ። ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው ካለ ዝቅ ያለ ፎቅ፣ መሃል ላይ፤ መርከብ ሲወዛወዝ መሃሉ ነው ትንሽ የሚንቀሳቀስ። ለእናትሽም ለአሳንሰሩ ቅርብ ይሁን፣ አጠገቡ ግን አይሁን፣ ሌሊቱን ሙሉ ወሬ ነው።

ሌላ ደግሞ ሦስት ሆናችሁ አንድ ካቢን ከሆነ ሦስተኛው አልጋ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ሰው ቅናሽ አለው፣ ሰው አንድ ካቢን የሚመርጠው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ሶፋ ነው የሚዘረጋው። አንዳንዱ ግን ከጣሪያ ላይ የሚወርድ አልጋ ነው፣ በመሰላል ነው የሚወጣበት። እናትሽ እታች ይተኛሉ፣ እሺ፣ እናንተ ታዲያ አንዳችሁ ጣሪያ ላይ ናችሁ።

የባሕር እንግዳ

አልጋውን በፍጹም አላሰብኩትም ነበር! አሁን ደውዬ ጠየቅኩ፤ በበረንዳው ካቢን ሦስተኛው ሶፋ ነው፣ በግዙፉ መርከብ ላይ ከጣሪያ የሚወርድ ነው። ከወደቦቹ ደግሞ አንዱ ብቻ በጀልባ ነው አሉኝ። ስለ 13 ሌሊቱ ግን ማንም ምንም አላላችሁም፤ ርካሽነቱ ልቤን ስቦታል፣ የሄደበት አለ?

ረጅሙ መንገድ

እኔ ሄጃለሁ፣ ወድጄዋለሁም፣ ለእናንተ ግን አልመክርም።

ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው። መርከቦቹ በፈረንጆቹ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ከካሪቢያን ወደ አውሮፓ ይሻገራሉ፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ይመለሳሉ። ባዶአቸውን ከሚሄዱ ሰው ይዘው ቢሄዱ ይሻላቸዋል፣ ዋጋውን የሚጥሉት ለዚያ ነው። ስድስት ሰባት ቀን በተከታታይ መሬት አይታይም። ውሃ፣ ሰማይ፣ መጽሐፍ። እኔ ከከባድ ዓመት በኋላ ስለሄድኩ ያ ዝምታ መድኃኒት ሆኖልኛል፣ አንቺ ግን አገር ማየት ነው የምፈልገው ብለሻል። ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ደግሞ በየተወሰነ ሌሊቱ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፣ እንቅልፍ ይሰረቃል። ወደ ምዕራብ ሲሆን ቀኑ 25 ሰዓት ስለሚሆን ይሻላል። ከሁሉም በላይ የምትወርዱት በሌላ አህጉር ነው። የመመለሻ አውሮፕላን ለሦስት ሰው ስትደምሪ ርካሽነቱ ይጠፋል።

ስለ አዲሱ ግዙፍ መርከብም አንድ ነገር ልበል። በፈረንጆቹ 2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የሚባለው መርከብ ለምሳሌ 365 ሜትር ይረዝማል። ከካቢን ወደ ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤት ወደ ትርኢቱ፣ ያ ሁሉ የእግር መንገድ ነው። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ደስ ይላል፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰው ግን አነስ ያለው መርከብ በጣም ይሻላል። አሮጌ ነው ብለሽ አትናቂው። መርከብ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ መቼ እንደታደሰ ብቻ አጣሪ።

ቪዛውን ደግሞ አሁኑኑ እዩት። ጉዞው ከግሪክ ተነስቶ ቱርክ ገብቶ ተመልሶ ግሪክ የሚገባ ከሆነ፣ የሼንገን ቪዛ (ግሪክን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) የሚያስፈልገው ሰው ደጋግሞ የሚያስገባውን ዓይነት መያዝ አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መሳፈሪያው ላይ ሊመልሱት ይችላሉ። ከመርከቡ ባትወርዱም ቪዛ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። እና ከመነሻው አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ፣ አውሮፕላን ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቅም።

ሰማያዊ መልህቅ

የረሳሁትን ልጨምር። ቀብድ ከፍላችሁ ቀሪውን የምትጨርሱት፣ እንደ ኩባንያውና እንደ ጉዞው ርዝመት፣ ብዙ ጊዜ ከመነሻው ከ75 እስከ 120 ቀን በፊት ነው። እስከዚያ ዋጋውን በየሳምንቱ እዪው። የያዝሽው ካቢን ከቀነሰ ደውይላቸው፣ ብዙዎቹ ያስተካክሉልሻል። ቀሪውን ከጨረስሽ በኋላ ግን ያ ዕድል ጠባብ ነው። ቀብዱ ተመላሽ መሆኑንና አለመሆኑንም በጽሑፍ ተቀበዪ፤ ቅናሽ ያለው ብዙ ጊዜ የማይመለሰው ነው።

ስልካችሁን ደግሞ መርከቡ ከወደብ ሲለቅ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። የመርከቡ ኔትወርክ በራሱ ይይዘውና ያላሰባችሁት ሂሳብ ይመጣል።

የባሕር እንግዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ሦስታችንም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ወረቀቱን ሞላነው። ሁሉ ሲደመር ግዙፉ መርከብ ከአሮጌው በለጠ፣ ያላሰብነው ነገር ነው። አትላንቲኩን አውሮፕላኑ ጣለው።

ስለዚህ አሮጌውን ያዝነው፣ ያውም በረንዳውን ትተን መስኮት ብቻ ያለውን፣ ዝቅ ያለ ፎቅ፣ መሃል ላይ። እዚያም ሦስተኛው አልጋ ሶፋ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ከበረንዳው የቀነስነውን ገንዘብ ለሁለቱ ሩቅ ከተሞች ጉብኝት እንዳደረግነው ስነግረው፣ ከዚያ በንጋት ስለሚወጣበት ቦታ ያላችሁትን ሳነብለት ግን የመርከቡን ካርታ አውጥቶ የፊት ጫፉን መፈለግ ጀመረ። እናቴ ያለችው «ጀልባው ባለበት ቀን እኔ እቀመጣለሁ፣ እናንተ ግን ሂዱ» ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን አብሬያት መቅረት ነው ሐሳቤ፣ ለእሷ ገና አልነገርኳትም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፤ ካቢናችን ከላዩም ከታቹም ካቢን ነው፣ በካርታው ላይ ግን ከጎኑ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ባዶ ቦታ አለ። ምን ሊሆን ይችላል? ከመክፈሌ በፊት ደውዬ ልጠይቅ?

ፀጥ ያለ ሌሊት

ጠይቂ። ነጭ ሆኖ የሚተወው ብዙ ጊዜ የሠራተኞች መተላለፊያ ወይም ዕቃ ቤት ነው፤ ጋሪ የሚገፋበት ከሆነ ገና ጎህ ሳይቀድ ይጀምራል። በዚያው መስመር ሁለት ሦስት ካቢን ራቅ ያለ ካለ ቀይሪው፣ ቀሪውን እስክትጨርሱ ድረስ ብዙ ጊዜ በነፃ ይቀይሩልሻል።