ልጄ የራግቢ ክለብ ውል ቀርቦለታል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

እናት፣ ከመካከለኛው እንግሊዝ፦
ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? አንድ እንቅልፍ የነሳኝን ጉዳይ ላማክራችሁ ብዬ ነው። በ5 ዓመቱ ይዤው የመጣሁት ልጄ በቅርቡ 17 ዓመት ሞልቶታል። ሁለታችንም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ አለን፤ ዜግነቱን ግን የማመልከቻው ክፍያ እየከበደኝ ከዓመት ዓመት ሳስተላልፈው ቆይቻለሁ። ልጁ በትምህርት ቤቱ ራግቢ ሲጫወት አድጎ፣ አሁን አንድ ፕሮፌሽናል ክለብ 18 ዓመት ሲሞላው በአካዳሚው ሊያስፈርመው እንደሚፈልግ በደብዳቤ አሳውቆናል። የሚጫወተው ስክረም በሚባለው ግፊያ የፊት መስመር ላይ፣ 3 ቁጥር ለብሶ ሲሆን ክብደቱም 104 ኪሎ ደርሷል። መምህራኑ ምህንድስና ለማጥናት የሚያበቃ ውጤት እንደሚያመጣ ይጠብቃሉ፤ እሱ ግን ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ቃል መስማት አይፈልግም። ያለ ዜግነት መፈረም ይችላል ወይ? ትምህርቱንስ ትቶ ቢገባበት ያዋጣዋል? በዚህ ላይ አገር ቤት ያለው ታላቅ ወንድሜ ወሬውን ከሰማ ወዲህ ለእናታችን ቤት ማሠሪያ እንድልክ በየሳምንቱ ይደውላል፤ በቴሌቪዥን የሚያየው የእግር ኳስ ተጫዋቾች ሀብት የልጄም ዕጣ መስሎታል።

በስደተኞች ማማከሪያ የሠራ፣ ከለንደን፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በእንግሊዝ ለመሥራት ሌላ ፈቃድ ስለማያስፈልገው፣ ልጅሽ ያለ ዜግነት መፈረም ይችላል። ይሁን እንጂ ማመልከቻውን ከ18ኛ ዓመት ልደቱ በፊት አስገቢ ብዬ አጥብቄ እመክርሻለሁ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በምዝገባ ሲያመለክት ስለ እንግሊዝ ኑሮ የሚሰጠውን ፈተና አይፈተንም፤ ክፍያውን መሸፈን የማይችል ቤተሰብ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ከክፍያ ነፃ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል። ይህ መብት እንዳለ ባለማወቅ ስንት ወላጅ ሲያዘገይ አይቻለሁ። ልደቱ ካለፈ በኋላ ግን መንገዱ የአዋቂ መንገድ ነው።

ወደፊት ለብሔራዊ ቡድን ቢታጭስ ብለሽ ካሰብሽ፣ ዓለም አቀፉ የራግቢ አካል የሚጠይቀው ፓስፖርት ሳይሆን ትስስር ነው። ተጫዋቹ፣ ወላጁ ወይም አያቱ በዚያ አገር የተወለዱ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ እሱ ራሱ 60 ተከታታይ ወራት በዚያ አገር የራግቢ ማኅበር ብቻ የተመዘገበ ወይም በድምሩ 10 ዓመት በአገሩ የኖረ መሆን አለበት። ልጅሽ 12 ዓመት ስለኖረ ይህን አልፏል።

በክለብ ወጥ ቤት የሠራ አባል፣ ከምዕራብ እንግሊዝ፦
እኔ የማውቀውን ልናገር። ለ6 ዓመታት በአንድ ክለብ ወጥ ቤት ለተጫዋቾች ምግብ አብስያለሁ፤ ክለቡ ሲዘጋም ሥራዬን ያጣሁት በአንድ ቀን ስብሰባ ነው። ልጅሽ የሚጫወተው ባለ 15 ተጫዋቹ ራግቢ (ራግቢ ዩኒየን) ደመወዝተኛ ስፖርት እንዲሆን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1995 በመሆኑ ገና ወጣት ሙያ ነው፤ ብዙዎቹ ክለቦችም ከትርፍ ይልቅ በባለሀብት ኪስ የሚኖሩ ናቸው። በ2022 ዉስተርና ዋስፕስ፣ በ2023 ለንደን አይሪሽ በዕዳ ወደቁ፤ 13 የነበሩት የከፍተኛው ሊግ ክለቦች 10 ሆኑ። ዋስፕስ በ1867 የተመሠረተና ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ዋንጫ የወሰደ ክለብ ነበር፤ በአንድ ቀን 167 ተጫዋቾችና ሠራተኞች ተሰናበቱ። የሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ለአንድ ክለብ ሙሉ ቡድን በዓመት 6.4 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ይህ ለብዙ ተጫዋቾች ሲከፋፈል፣ ከአካዳሚ ለሚጀምር ልጅ የሚደርሰው ወንድምሽ የሚያስበውን ቤት ቀርቶ የራሱን የቤት ኪራይ በችግር የሚችል ነው።

ስለ ትምህርቱ ግን የሚያጽናናሽ ነገር አለኝ። የፊት መስመር ተጫዋች ዘግይቶ የሚበስል ነው፤ አንገቱና ጀርባው ጠንክረው የጎለመሱ ሰዎችን ግፊያ ለመቋቋም ዓመታት ይወስድበታል። በ18 ዓመቱ የፈረመ 3 ቁጥር ዋናውን ቡድን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ትዕግሥት በኋላ ስለሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት ዲግሪ መሥራት ይችላል። ለንደን ውስጥ ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደው ማሮ ኢቶጄ ሳራሰንስ ለሚባለው ክለብ እየተጫወተ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ አጥንቷል፤ በ2025 ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ፣ ከዌልስና ከአየርላንድ ምርጥ ተጫዋቾች የሚዋቀረውን የብሪታንያና አየርላንድ ላየንስ ቡድን ወደ አውስትራሊያ የመራ አምበል ሆነ። የትምህርት ጊዜ እንዲሰጠው በውሉ ውስጥ በጽሑፍ ይግባ፤ በቃል የተነገረ ተስፋ አሠልጣኝ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ከመፈረማችሁ በፊትም የተጫዋቾቹን ማኅበር አማክሩ፤ ቢጎዳ ደመወዙ እስከ መቼ እንደሚቀጥል አንቀጹን እያነበባችሁ ጠይቁ።

ነርስ፣ ከካርዲፍ፦
ማንም ያላነሣውን ላንሣ። እህቴ፣ ልጁ እስካሁን ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቃል? እንግሊዝን በ2003 ለዓለም ዋንጫ ካበቁት የፊት መስመር ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ስቲቭ ቶምሰን ገና በ40ዎቹ ዕድሜው የመርሳት በሽታ እንዳለበት ታውቋል፤ ዋንጫውን ማንሣቱንም እንደማያስታውስ ተናግሯል። የዌልስ አምበል የነበረው ራያን ጆንስም በ2022 ተመሳሳይ ሕመሙን ይፋ አድርጓል። ከ2023 ጀምሮ በእንግሊዝ በትምህርት ቤትና በአማተር ደረጃ ተጋጣሚን መያዝ የሚፈቀደው ከደረት አጥንት ሥር ብቻ ሲሆን፣ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ግን ገደቡ ከዚያ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ልጅሽ ወደ ክለብ ሲሻገር የሚገባው የተለየ አደጋ ወዳለበት ጨዋታ ነው። ውሉን ከማየትሽ በፊት የጭንቅላት ጉዳት ታሪኩን በጽሑፍ ያዢ።

አባል፣ ከቱሉዝ፦
እኔ የምኖረው ራግቢ እንደ ዓውደ ዓመት በሚከበርበት ከተማ ነው። ጎረቤቴ በሁለተኛው ሊግ የሚጫወት ፊጂያዊ ነበር፤ የእሱን ኑሮ ሳይ የራሴን አያለሁ። ለቀብር፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለእህቱ ልጆች ትምህርት ቤት እየተባለ ደመወዙ ከመግባቱ በፊት ተከፋፍሎ ያልቃል። ጉልበቱ ተጎድቶ ወራት ሲተኛ ስልኩ መጮኹን አላቆመም። እሑድ እሑድ ቡና አፍልቼ እጠራው ነበር፤ እንደ እኛው ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ተቀምጦ የእናቱን ደጅ ይተርክልኛል። እባክሽ እህቴ፣ ያልፈረመውን ልጅ ደመወዝ ለማንም ቃል አትግቢ።

አባት፣ ከካርዲፍ፦
ይህን ንግግር አልቀበለውም። እኔን ያስተማረኝ አጎቴ ነው፤ ከሸጠው ጤፍ የተማሪ ቤት ወጪዬን ሲከፍል የእኔን ደመወዝ አላሰላም። ቤተሰብን መርዳት ሸክም ነው እየተባለ በልጆች ፊት ከተነገረ፣ ነገ አያቱን የማያውቅ ትውልድ እናሳድጋለን። ልጁ ሲያገኝ ለአያቱ ቤት ቢሠራ ምን ነውር አለው?

አባል፣ ከቱሉዝ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ልመልስ። አጎትዎ የሰጡት ከእርሻቸው ያገኙትን ነው፤ እዚህ የሚጠየቀው ግን የ17 ዓመት ልጅ አካል ወደፊት ያመጣል ተብሎ የሚገመት ገንዘብ ነው። ልጁ ከልቡ ፈቅዶ ቢሰጥ ደስ ይለኛል። የሚያስፈራኝ፣ ታምሜም ቢሆን ሜዳ ውስጥ ካልገባሁ አገር ቤት ያለው ግንባታ ይቋረጣል ብሎ ጉዳቱን ከሐኪም የደበቀ ዕለት ነው። ጎረቤቴ እንዲህ አድርጎ ነበር።

አባት፣ ከካርዲፍ፦
አንድ ሰው እንዲህ አደረገ ብለን ባህላችንን መክሰስ አንችልም። እናቲቱ ከራሷ ደመወዝ ትንሽ ብትልክ ወንድምየውም ልቡ ይረካል።

በስደተኞች ማማከሪያ የሠራ፣ ከለንደን፦
እናቲቱ ለዜግነት ማመልከቻ እንኳ ያልሞላላት ሴት ናት። በቅድሚያ መከፈል ያለበት የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው።

አባት፣ ከካርዲፍ፦
እኔ ማመልከቻውን አትክፈል አላልኩም፤ የምቃወመው ዘመድ እንደ ጠላት መቆጠሩን ነው።

እናት፣ ከመካከለኛው እንግሊዝ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የምዝገባውን ማመልከቻና ከክፍያ ነፃ የመደረጉን ጥያቄ በዚህ ሳምንት እጀምራለሁ፤ የትምህርት ጊዜው በውሉ እንዲጻፍም ሐሙስ ከክለቡ ጋር ስንገናኝ እጠይቃለሁ። ጋሼ፣ ወንድሜ ጠላቴ አይደለም፤ እናታችን የምትኖርበት ቤት ጣሪያው በክረምት የሚያፈስ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ ስልኩ ሲደወል የሚያስለቅሰኝም ይኸው ነው።

ነርሷ እህቴ ለጠየቅሽኝ ትናንት ማታ ልጄን አስቀምጬ ጠየቅሁት። ባለፈው ዓመት በአንድ ጨዋታ ላይ ዓይኑ ጨልሞበት እንደነበርና ከቡድኑ እንዳያስወጡት ለመምህሩ ሳይናገር መጨረሱን ነገረኝ። አሁን የት ሐኪም ዘንድ፣ ምን ብዬ ልውሰደው? ሐሙስ ለክለቡ ብናገርስ ውሉን ይሰርዙበታል? እባክሽ ካየሽው መልሽልኝ።