በሌዘር ሊነሳ ስለታሰበ የቆዳ እብጠት ምክራችሁን እሻለሁ

የ58 ዓመቷ እናቴ በግራ ጉንጫቸው ላይ ሽምብራ የሚያህል ጥቁር እብጠት ከወጣባቸው ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እሳቸው «ማርያም የሳመችኝ ናት፣ አትንኩብኝ» እያሉ ሲከለክሉን ኖረው፣ ባለፉት አራት ወራት ግን መጠኑ ስለጨመረና ፊታቸውን ሲታጠቡ መድማት ስለጀመረ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሐኪሙ በዓይን ብቻ ተመልክቶ «ሴቦሪክ ኬራቶሲስ (ጉዳት የሌለው የቆዳ እድገት) ነው፣ ካንሰር አይደለም» ካለን በኋላ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር በአንድ ቀጠሮ እንደሚያነሳው ነገረን።

ግራ የተጋባሁት እዚህ ላይ ነው። የዚህ ሌዘር የሞገድ ርዝመት 10,600 ናኖሜትር ሲሆን፣ በሕዋሳት ውስጥ ያለው ውኃ ጨረሩን ስለሚመጠው እብጠቱ ተንኖ ይጠፋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ናሙና ካልተወሰደ ለፓቶሎጂ ምርመራ (ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ለሚታዩበት) የሚላክ ነገር አይተርፍም። ይህንን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «አያስፈልግም» የሚል ብቻ ነበር። በዚያ ላይ እናቴ ጆሯቸውን የተበሱበት ቦታ ኬሎይድ (ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) አውጥቷል፤ እንደ እኛ ያለ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከሌዘር በኋላ ይበልጥ ሊጠቁር ወይም ሊነጣ ይችላል።

የቆዳ ሐኪሞችና ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ወገኖች፣ እያደገ የሚሄድና የሚደማ እብጠትን ያለ ባዮፕሲ (ናሙና ወስዶ ሳይመረመር) በሌዘር ማንሳት ተገቢ ነውን? ወይስ መጀመሪያ በምላጭ ተነስቶ ለምርመራ እንዲላክ አጥብቄ ልጠይቅ? ኬሎይድ ለሚያወጣ ሰው ፊት የትኛው ዘዴ ይሻላል? ቀጠሯቸው የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ልሰርዘው ወይስ እንዳለ ልተወው የሚለውን መወሰን አቅቶኛል።