ለኖሞች ሙሉ ቋንቋ እንፍጠር ወይስ የስም ቋንቋ ይብቃቸው? (ክርክር)

አወያይ፦ ከመሬት በታች ለሚኖሩት ድንክ የምናብ ፍጥረታት፣ ለኖሞች፣ ቋንቋ የሚፈጥር ጸሐፊ ሙሉ ሰዋስው አዘጋጅቶ መነሣት አለበት? ወይስ ለሰውና ለቦታ መጠሪያ የሚሆን የስም ቋንቋ ይበቃዋል? ታሪኩ የሚጻፈው በአማርኛ ነው፤ የኖሞቹም ቃላት በፊደላችን ይጻፋሉ። እባካችሁ በምሳሌ ተከራከሩ።

ካርታ ሠሪ፦ የስም ቋንቋ ይበቃል ባይ ነኝ። አንባቢ ከኖሞቹ ቋንቋ የሚያገኘው የሰው ስም፣ የከተማና የማዕድን ጉድጓድ ስም፣ አልፎ አልፎም ሰላምታና እርግማን ነው። ለዚህ ከ40 እስከ 50 ሥር ቃላት፣ ሦስት ወይም አራት የማጣመሪያ ሕጎች፣ አንድ የብዙ ቁጥር ቅጥያና አንድ የቦታ ቅጥያ ይበቃሉ። ሥር ቃላቱ ካርታው ላይ ከሚታየው ይመረጡ፦ ድንጋይ፣ ውኃ፣ ብርሃን፣ ጥልቅ፣ አሮጌ፣ ቀይ፣ ድልድይ። 50 ሥር ቃላት ሁለት ሁለት ሆነው ሲጣመሩ እስከ 2,500 ስም ይሰጣሉ፤ ያን ያህል ስም የሚፈልግ ልብ ወለድ የለም። ግሡን በየጊዜው አርብቶ፣ ተውላጠ ስሙን በሠንጠረዥ ደርድሮ የሚጀምር ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው አንባቢ በማያየው ነገር ላይ ነው።

ሥርወ ቃል፦ ወንድሜ ካርታ ሠሪ፣ ስሌትህ ልክ ነው። ነገር ግን 2,500ውም ስሞች ዕድሜያቸው እኩል ይሆናል፤ በአንድ ቀን የተሰየመ ዓለም ደግሞ ያስታውቃል። ስም እንዲያረጅ ከተፈለገ ጥንታዊ ቅርጽና የድምፅ ለውጥ ያስፈልጋል።

ጥንታዊ ቃላት እንውሰድ፦ ዞሉ (ድንጋይ)፣ ራና (ውኃ)፣ ፒሎ (ብርሃን)። የብዙ ቁጥር ቅጥያው ኪ ይሁን። ከዚያ ሦስት ለውጦችን በቅደም ተከተል እናሳልፍባቸው።

1ኛ፦ በቃል መጨረሻ ከም፣ ከን፣ ከል ወይም ከር ቀጥሎ የሚመጣ አናባቢ ይወድቃል።
2ኛ፦ ክ ከኢ ወይም ከኤ በፊት ሲመጣ ሽ ይሆናል።
3ኛ፦ ን ከብ ወይም ከፕ በፊት ሲመጣ ም ይሆናል።

ዞሉ ዞል ይሆናል፤ ራና ራን፣ ፒሎ ፒል። ብዙ ቁጥሩ ግን ዞሉኪ ስለነበር ኡ መጨረሻ ላይ አልዋለችም፤ ከመውደቅ ተርፋ ዞሉሺ ሆነች። እንደዚሁም ራናሺ፣ ፒሎሺ። ስለዚህ ነጠላውን ብቻ የሚያውቅ ሰው በብዙ ቁጥር አንዴ ኡ፣ አንዴ ኣ፣ አንዴ ኦ ለምን እንደሚመጣ መገመት አይችልም። የተፈጥሮ ቋንቋዎች ልዩ ሁኔታዎች ብዙዎቹ የተወለዱት እንዲህ ነው። ጸሐፊው አንዱንም በእጁ አልጨመረም፤ ሕጉ ራሱ ወለደው።

ለካርታው ደግሞ ይኸውልህ። «የውኃ ብርሃን» የሚለው ስም በጥንት ዘመን ተጣምሮ ከሆነ ራናፒሎ ነበር፤ ዛሬ ራናፒል ይባላል። የተጣመረው ከ1ኛው ለውጥ በኋላ፣ ከ3ኛው በፊት ከሆነ ግን ራንፒል ብሎ ጀምሮ ራምፒል ይሆናል። ራናፒል የጥንት ከተማ፣ ራምፒል የኋለኛ ዘመን ጉድጓድ ነው። አንባቢው ሕጉን ባያውቅም ሁለቱ ስሞች ዝምድና እንዳላቸውና አንደኛው እንደሚቀድም ይሰማዋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ቅደም ተከተሉ ነው፤ 3ኛውን ለውጥ ከ1ኛው በፊት ያስቀመጠ ሰው ራንፒልን ይዞ ይቀራል፣ ራምፒልን አያገኝም።

ካርታ ሠሪ፦ ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ ለእኔ ወገን የቆመ ማስረጃ ነው። አንድም ግሥ አልነካህም። ሦስት ለውጦች የስም ቋንቋ ውስጥ በደንብ ይገባሉ፤ እቀበላቸዋለሁ።

ፊደል ገበታ፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ፤ እሱም ጽሕፈቱ ነው። በላቲን ፊደል ለሚጽፉ ሰዎች የተዘጋጀ ምክር እኛ ዘንድ ሲመጣ በአራት ቦታ ይሰናከላል።

መጀመሪያ፣ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት ፍቺ እንዳለው የምናውቀው አማርኛን ስለምናውቅ ብቻ ነው። የኖሞቹን ቋንቋ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ በመጥበቅ የሚለዩ ሁለት ቃላት በገጹ ላይ አንድ ሆነው ይቀራሉ። ርዝመት ያለው አናባቢም ዕጣው ያው ነው።

ሁለተኛ፣ ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። «ብርን» የሚል የኖም ስም የሚያነብ ሰው የት ቦታ ላይ ቆም እንደሚል አያውቅም። መፍትሔው ጥብቅ መሆን አለበት፦ ሳድስ የሚመጣው በክፍለ ቃል መጨረሻ ብቻ ነው፣ ሁልጊዜም ያለ አናባቢ ይነበባል።

ሦስተኛ፣ የግዕዝን ረድፍ ተዉት። ሀ እና አ እንደ ራብዕ ስለሚነበቡ ረድፉ ወጥ አይደለም። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ከቀሩ አምስት ንጹሕ አናባቢዎች ይኖራሉ። ከሞክሼ ፊደላትም አንዱን ብቻ መርጣችሁ ሌላውን ጣሉት፤ ያለዚያ ሰ እና ሠ በሁለት ምዕራፍ ሁለት ቃል ይመስላሉ።

አራተኛውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፦ ለእንግሊዝኛ አንባቢ የሚጽፉ ቋንቋ ፈጣሪዎች እንግድነት ሲፈልጉ እንደ ጥ፣ ቅ፣ ጭ ያሉ የሚፈነዱ ድምፆችን ይጨምራሉ። ለእኛ አንባቢ እነዚህ የቤት ድምፆች ናቸው። «ቃጥላ» ተብሎ የተሰየመ ኖም የጎረቤት ሰው ይመስላል። የእኛ ጆሮ ቋንቋው ሌላ መሆኑን የሚረዳው እነሱ ሲጠፉ ነው።

ስለዚህ 15 ተነባቢዎች አቀርባለሁ፦ ብ፣ ት፣ ድ፣ ክ፣ ግ፣ ፕ፣ ም፣ ን፣ ል፣ ር፣ ስ፣ ዝ፣ ሽ፣ ው፣ ይ። ከአምስቱ አናባቢዎች ጋር 75 ክፍት (በአናባቢ የሚያልቁ) ክፍለ ቃላት ይሰጣሉ። መዝጊያ የሚሆኑት ም፣ ን፣ ል፣ ር ብቻ ከሆኑ 300 ዝግ ክፍለ ቃላት ይጨመራሉ፤ በድምሩ 375። የሥርወ ቃል ምሳሌዎች ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

የዋሻ ድምፅ፦ ዝርዝሩ ውስጥ ፍ እና ህ አለመኖራቸው በጣም ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን መነገር አለበት። ድንጋይ ግድግዳ ባለው ዋሻ ውስጥ የአንድ አናባቢ ማስተጋባት ሳይጠፋ የሚቀጥለው ድምፅ ይመጣል። ደካማ ድምፆች በዚያ ጅራት ሥር ይቀበራሉ። በፍ እና በህ ብቻ የሚለያዩ ቃላት እዚያ አይለዩም። ለዚህም ነው አጭርና ቀላል ክፍለ ቃል የሚሻለው።

አንድ የተሳሳተ ሐሳብም ላርም። «ኖሞች ትንሽ ስለሆኑ ኦ እና ኡ ማለት አይችሉም» ሲባል ይሰማል። ከድምፅ አውታር እስከ ከንፈር 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጎልማሳ የመጀመሪያው ማስተጋቢያ (አፍና ጉሮሮ አጉልተው የሚያሰሙት የድምፅ ድግግሞሽ) 500 ኸርዝ አካባቢ ነው። ርዝመቱ ወደ 8.5 ቢወርድ ወደ 1,000 ይወጣል፤ ሌሎቹም አብረው በእጥፍ ይወጣሉ። በመካከላቸው ያለው ንጽጽር ግን አይለወጥም፣ ጆሮም የሚለየው በንጽጽሩ ነው። ሕፃናት ከእኛ ባጠረ ጉሮሮ ያንኑ አናባቢ ይናገራሉ። ችግር የሚመጣው የድምፁ ቅጥነት ከማስተጋቢያው በላይ ሲወጣ ነው፤ ያኔ ኢ እና ኤ፣ ኡ እና ኦ መቀላቀል ይጀምራሉ። ኖሞቹ በጣም ቀጭን ድምፅ ካላቸው አናባቢዎቹን ወደ ሦስት ማውረድ ምክንያት አለው። ቁመታቸው ብቻ ምክንያት አይሆንም።

ከ15 ተነባቢና ከ5 አናባቢ 20 ድምፆች መውጣታቸው ደግሞ መልካም ዕድል ነው። አራት ረድፍና አምስት ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ኖሞቹም ድንጋይ በመቀጥቀጥ ይነጋገሩበታል፦ መጀመሪያ የረድፉ ቁጥር፣ ቀጥሎ የዓምዱ። በቬትናም ጦርነት የታሰሩ አሜሪካውያን በግድግዳ የተነጋገሩት አምስት በአምስት በሆነ ተመሳሳይ ሠንጠረዥ ነው። በመጀመሪያው ጥግ ያለ ድምፅ 2 ምት፣ በመጨረሻው ጥግ ያለ 9 ምት ይፈልጋል። ስለዚህ አምስቱ አናባቢዎች አንደኛውን ረድፍ ይያዙ። ይህን ያላሰበ ሰው አጭር ቃልም ብዙ ምት ይፈጅበታል፤ የዋሻ መናድ ማስጠንቀቂያ ሊሆን አይችልም።

አወያይ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ሰዋስው ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

ሥርወ ቃል፦ ያስፈልጋል። አንድ ኖም አንዲት ዓረፍተ ነገር ከተናገረ አስፈለገ ማለት ነው። ሰዋስው ሳይወስን ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው አማርኛን በሌላ ቃል ይገለብጣል፦ ግሡ መጨረሻ፣ ቅጽሉ ከስሙ በፊት፣ ባለቤትነቱ ከፊት። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ከአማርኛው ሥር የኖሙን ዓረፍተ ነገር ጻፉና ቃል ለቃል በመስመር አገናኙ። አንድም መስመር ካልተሻገረ የሠራችሁት የምሥጢር ጽሕፈት ነው።

መራቂያውም ቀላል ነው፦ ግሥ ከፊት፣ ቅጽል ከስም ኋላ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡበት፤ ይህ ወደ ግዕዝ ሥርዓት ይጠጋልና የእኛ አንባቢ የቅዳሴ ቃና ይሰማዋል። ጥንታዊነት ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው። ካልፈለጋችሁ የቋንቋ ሊቁ ማርክ ኦክራንድ ለክሊንጎን፣ ለ«ስታር ትሬክ» ፊልሞች ለፈጠረው ቋንቋ፣ የመረጠውን ተመልከቱ፤ ተሳቢው ከፊት፣ ግሡ መካከል፣ ባለቤቱ መጨረሻ። በዓለም ቋንቋዎች ውስጥ ብርቅ የሆነ ቅደም ተከተል ነው፤ ለዚህም ነው ባዕድ የሚመስለው።

ትርጉምም አለ። ከመሬት በታች ፀሐይ የለም። በአውስትራሊያ የጉጉ ይሚዲር ተናጋሪዎች ግራና ቀኝ በማለት ፈንታ ሰሜንና ደቡብ ይላሉ፤ የሜክሲኮዎቹ ጸልታል ተናጋሪዎች ዳገትና ቁልቁለት ይላሉ። ለኖሞች «ወደ ጥልቁ» እና «ወደ ነፋሱ» መሠረታዊ አቅጣጫ ቢሆኑ ተገቢ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኖሞችን የገለጸው ሐኪሙ ፓራሴልሰስ ደግሞ እኛ በአየር ውስጥ እንደምንሄድ እነሱ በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ያልፋሉ ብሏል። ያንን የተከተለ ሰው «ግድግዳ» የሚል ቃል ለምን ያስፈልገዋል?

ካርታ ሠሪ፦ ይህንንም በአማርኛ ንግግር ማሳየት ይቻላል። ኖሙ በአማርኛ ሲናገር «መብራቱን ወደ ነፋሱ አድርገው» ካለ አንባቢው ሁሉን ያገኛል። ተውላጠ ስም መርባት አያሻም።

ፊደል ገበታ፦ በዚህ ላይ ከካርታ ሠሪ ጋር እስማማለሁ፣ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። የመረጃ ምንጭን የሚያሳይ ሰዋስው በአማርኛ ንግግር ብቻ አይወጣም። በኮሎምቢያና በብራዚል የሚነገረው ቱዩካ የግሡን መድረሻ በአምስት ይለያል፦ ዓይቶ፣ ሰምቶ፣ ከምልክት ገምቶ፣ ሰው ነግሮት፣ ከልማድ አውቆ። በጨለማ የሚኖር ሕዝብ «በእጄ ድንጋዩን ነክቼ አወቅሁ» የሚል መድረሻ ቢኖረው የምስክርነት ትዕይንት ሁሉ ይለወጣል፤ ዋሽቶ የተያዘ ኖም የሚያዘው በመድረሻው ነው። ለዚህ ግሥ ያስፈልጋል። ግን አንድ መድረሻ ብቻ፣ ሦስት ቅርጽ ይዞ፣ ይበቃል።

ሥርወ ቃል፦ የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1917 ገደማ ኖሞች ብሎ ለጠራቸው ኤልፎች፣ ለሌሎች የምናብ ፍጥረታቱ፣ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው ጀምሮ ነበር፤ ያ ቋንቋ ከብዙ ለውጥ በኋላ ሲንዳሪን የተባለው የኤልፎቹ ቋንቋ ሆነ። ቋንቋው ታሪኩን ወለደ እንጂ ታሪኩ ቋንቋውን አልለመነም።

ካርታ ሠሪ፦ እሱ የቋንቋ ሊቅ ነበር፣ ዕድሜውንም ሰጥቶታል። እዚህ የምንመክረው አንድ መጽሐፍ ለመጨረስ የተነሣን ጸሐፊ ነው። እኔ ያለሁበት መስመር ይህ ነው፦ ኖም ከኖም ጋር በቋንቋው የሚነጋገርበት ትዕይንት ከሦስት በላይ ካልሆነ ስሞቹና ወንድማችን ፊደል ገበታ ያለው አንድ የግሥ መድረሻ ይበቃሉ። ከሦስት በላይ ከሆነ ግሡ፣ ተውላጠ ስሙ፣ እስከ 300 ቃላትም ይሠሩ።

ሥርወ ቃል፦ አንድ ትዕይንትም በቂ ነው እላለሁ፤ አቋሜን አልለወጥሁም። ሦስቱን የድምፅ ለውጦች ግን የትኛውም ወገን አይዝለላቸው።

ፊደል ገበታ፦ የትኛውንም ብትመርጡ መዝገቡ አምስት ዓምድ ይኑረው፦ ጥንታዊ ቅርጽ፣ የዛሬ ነጠላ፣ የዛሬ ብዙ፣ ፍቺ፣ መጀመሪያ የታየበት ምዕራፍ። አዲስ ቃል ከመግባቱ በፊትም ድምፅ አውጥታችሁ በአማርኛ ጆሮ አንብቡት። በእኔ 15 ተነባቢዎች «ዳቦ»፣ «ባዶ»፣ «ሳር» ያለ ችግር ይወጣሉ፤ የማዕድን አምላክ ስም ሆኖ የተመዘገበ «ዳቦ» በአሥረኛው ምዕራፍ ከተገኘ መጠገኛው ብዙ ገጽ ነው።