«ተመካ» ተደገፈ ነው ወይስ ተኩራራ?

ጠያቂ (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦
ሰላም ናችሁ። ጎረቤታችን ልጁ ማትሪክ በጥሩ ውጤት አልፎለት ቡና ጠርቶን ሄደን ነበር እና ሲመርቀው «አደራ ልጄ በውጤትህ አትመካ፣ በፈጠረህ ተመካ» አለው። ልጁ አሜን ብሎ ቁጭ አለ እኔ ግን ቃሉ ላይ ቀረሁ። አንድ ቃል እንዴት ባንድ ትንፋሽ ክልክልም ትእዛዝም ይሆናል አቦ?

መላሽ (ከዚራ)፦
አቦ ጥሩ ጥያቄ! ከግዕዙ «ተመክሐ» ነው የመጣው፣ ፈርሀ ፈራ እንደሆነው የመጨረሻዋ ፊደል ወድቃ ተመካ ሆነ። ግዕዙ ወደ መኩራት ነው የሚያደላው፣ እመቤታችንን «ምክሐ ደናግል» ስንል የደናግል መመኪያ ማለታችን ነው። አማርኛ ግን መኩራትንም መደገፍንም አንድ ላይ ይዞ ቀረ፣ ለምን ቢባል ሰው የሚኮራው በተደገፈው ነገር ነዋ። ስለዚህ ጥፋቱ ግሱ ላይ አይደለም፣ «በ» የምትለጠፍበት ነገር ላይ ነው። ኤርምያስ 9 ላይ ጠቢብ በጥበቡ፣ ኃያል በኃይሉ፣ ባለጠጋ በሀብቱ አይመካ ይልና ወዲያው የሚመካ ግን እኔን በማወቁ ይመካ ይላል፣ ያው የጎረቤትህ ምርቃት ነው።

«ታበየ» እንደዚህ አይደለም። ዐቢይ ጾም ከምንለው ከዐቢይ ጋር አንድ ዘር ነው፣ ራስን ማተለቅ፣ «በእግዜር ታበየ» ሲባል ሰምተህ አታውቅም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን «በ» ሳናውቀው ቦታ የምትቀይረው ከተሳካልን በኋላ መሆኑ ነው። 2ኛ ሳሙኤል 5ን እዩት፣ ዳዊት እግዚአብሔርን ጠይቆ ወጣ፣ ፍልስጤማውያንን መታ፣ እነሱ ተመልሰው እዛው ራፋይም ሸለቆ ላይ ሰፈሩ። ያው ጠላት ያው ሸለቆ፣ እኔ ብሆን በትናንቱ መንገድ እሮጥ ነበር። እሱ ግን እንደገና ጠየቀ፣ መልሱም ሌላ ሆነ፣ ፊት ለፊት አትውጣ በኋላቸው ዙር ተባለ። ባይጠይቅ ኖሮ በትናንቱ ድል ተመክቶ ነበር የሚወጣው።

አባቴ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፣ ከሐረር ወደ ድሬ ሲመለስ ደንገጎ ቁልቁለት አናት ላይ ሳይቆም ወርዶ አያውቅም። ረዳቱ ጎማውን በብረት እየመታ ይዞራል፣ አባቴ ፍሬኑን ደጋግሞ ይረግጣል፣ ከዛ አማትቦ ማርሽ ቀንሶ ይለቃታል። አንዴ አብሬው ሆኜ ቸኩዬ «አባ ይሄን መንገድ በቃልህ ታውቀው የለ?» ስለው «መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ቀኑን ግን አላውቀውም» አለኝ። እድሜ ልኩን የነዳበት መንገድ ነው እኮ! እኔ መመካት ሲባል የምትታየኝ ያቺ ደንገጎ ላይ የምታማትብ እጅ ናት።

ሌላ መላሽ (ጀጎል፣ ሐረር)፦
አንድ ልጨምር። እኛ ሰፈር አንዲት እናት አሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሸዋ በር ሊነግዱ ሲወጡ ደጃፉን ሳይሻገሩ «ተወከልቱ አለላህ» ይላሉ፣ በአላህ ተመካሁ ማለት ነው። አረብኛ ነው ግን ዘሩ እኛም ጋ አለ፣ ወኪል፣ ተወካይ፣ ውክልና የምንለው ከዛው ነው። ልዩነቱ የኛ ውክልና አንዴ ተፈርሞ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ እሳቸው ግን በየቀኑ ነው የሚሰጡት፣ ትናንት ገበያው የደራላቸው ቀን እንኳን ዛሬ ሳይሉ አይወጡም። በልጅነቴ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ትናንት የሸጡትን ከፊታቸው ዞር የሚያደርጉበት ይመስለኛል።

ጠያቂ፦
እናመሰግናለን ወላሂ። ልጁ ለዩኒቨርሲቲ ሻንጣ እያዘጋጀ ነው፣ የደንገጎዋን ነገር ዛሬ ማታ ሄጄ እነግረዋለሁ፣ የሚሄድበትም መንገድ በዛው ነው።