ባለ አንድ ገጽ ዌብሳይት በምን ይሰራ? የሞከርኳቸውን ልጠቁማችሁ

"ዌብሳይት ልሰራ ነው፣ በምን ልጀምር?" ለሚለኝ ሰው መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው። ስንት ገጽ የሚሞላ ነገር አለህ?

አንድ ፎቶ አንሺ ወዳጄ ስድስት ገጽ ያለው ሳይቱን በስልክ አሳየኝ። "ስለ እኛ" የሚለውን ነካሁት። ሁለት መስመር። "አገልግሎቶች" አልኩ። ሦስት መስመር። "ዜና" ውስጥ ያለው "በቅርቡ ይጠብቁን" ብቻ ነው፤ ያ "በቅርቡ" ሁለት ዓመት አልፎታል። ስልክ ቁጥሩን እስካገኝ አራት ገጽ ከፍቻለሁ፣ አራቴም ጠብቄያለሁ። ሁሉንም ሰብስበን ከላይ እስከ ታች በአንድ ገጽ ስንደረድረው ጣትን ሦስት አራቴ ወደ ላይ መግፋት በቂ ሆነ።

የባለ አንድ ገጽ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይሄ ነው። ቅደም ተከተሉን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ምን እንደምትሰሩ፣ መጨረሻ ላይ ስልክና "ይደውሉ" የሚል በተን። እንግዳው ሜኑ ውስጥ አይዞርም። በስልክ ላይ ደግሞ ያችን ሦስት መስመር ያላት የሜኑ ምልክት ከመፈለግ ስክሮል ማድረግ ይቀላል። ቦታው አንድ ስለሆነም ወሬ መቀነስ ግድ ይላል። ስልክ ቁጥር ሲቀየር የሚስተካከለውም አንድ ቦታ ነው።

አሁን ወደ መስሪያዎቹ።

ካርድ (በእንግሊዝኛ ሲጻፍ "አር" ሁለት ጊዜ ነው፣ ስትፈልጉት እንዳትሳሳቱ)፦ ከመነሻውም ለባለ አንድ ገጽ ሳይት የተሰራ ነው። ኮድ ለማይነካ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ። በነጻ እስከ ሦስት ሳይት ይፈቅዳል። በራሳችሁ ዶሜይን (የሳይቱ የራሱ አድራሻ ስም) ለመጠቀምና ፎርም (እንግዳው ሞልቶ የሚልከው ቅጽ) ለማስገባት ግን መክፈል አለ፤ ነጻው ላይ የእነሱ ስምም ከግርጌ ይቀመጣል።

ጉግል ሳይትስ፦ ነጻ ነው፣ ዶሜይን ካላችሁ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ታያይዙታላችሁ። ብዙ ሰው አብሮ የሚያርመው ከሆነ ይሄን ውሰዱ። መልኩ ግን... ሁሉም ሳይት ወንድማማች ይመስላል።

ጊትሃብ ፔጅስ፦ ትንሽ ኤችቲኤምኤል (ዌብ ገጽ የሚጻፍበት ኮድ) ለሚያውቅ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ሪፖዚተሪው (ፋይሎቻችሁ የሚቀመጡበት ማህደር) ለሁሉም ክፍት ከሆነ በነጻ ያስቀምጥላችኋል፤ የሳይቱ መጠን እስከ 1 ጊጋባይት መሆን ይችላል፣ ባለ አንድ ገጽ ደግሞ የዚህን ጥግ እንኳ አይነካም። ፋይሉ የእናንተ ስለሆነ ነገ ወደ ሌላ ሆስቲንግ (ሳይት የሚያስቀምጥ አገልግሎት) ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ፎርም የሚቀበል ሰርቨር ስለሌለው ለእሱ የውጭ አገልግሎት ያስፈልጋል።

ዎርድፕረስ፦ ለአንድ ገጽ በዛ። ዳታቤዝ፣ ቴም (የመልክ ንድፍ)፣ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ)፣ በየጊዜው አፕዴት። ወደፊት አዘውትሬ እጽፋለሁ ካላችሁ ብቻ።

በየትኛውም ብትሰሩት ፎቶ ላይ ተጠንቀቁ። "አንድ ገጽ ፈጣን ነው" የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሁሉም ነገር አንድ ላይ ስለሚጫን እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ወዳጄ ከካሜራው እንደወጡ 12 ፎቶ ጫነ፣ እያንዳንዱ 5 ሜጋባይት ገደማ። ለአንድ ገጽ 60 ሜጋባይት! ስፋታቸውን ወደ 1600 ፒክስል አውርደን ወደ ዌብፒ (ለዌብ የቀለለ የፎቶ ፋይል ዓይነት) ስንቀይራቸው አንዱ ፎቶ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ሆነ፤ በዓይን ልዩነቱን አላየነውም። በኮድ የምትሰሩ ደግሞ ከታች ያሉት ፎቶዎች አንባቢው ሲደርስባቸው ብቻ እንዲጫኑ "ሌዚ ሎዲንግ" ጨምሩበት።

ሌላ ትንሽ ነገር። ከላይ ተለጥፎ የሚቀር ሜኑ ካላችሁ "አድራሻ" ሲነካ ገጹ ይወርድና ርዕሱ ሜኑው ሥር ይደበቃል። መፍትሔው ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ላይ "ስክሮል ማርጂን ቶፕ" የሚባል አንድ መስመር ነው፤ የሜኑውን ቁመት ያህል ስጡት። ሊንኩ ላይ የሚታየውን የክፍሎቹን መለያ ስምም በላቲን ፊደል አድርጉት። በፊደላችን ከጻፋችሁት ሊንኩ ኮፒ ተደርጎ ሲላክ ብዙ ጊዜ በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር የተሞላ ረጅም ነገር ይሆናል፣ ሰው ቫይረስ መስሎት አይነካውም።

የማልመክረው ለማን ነው? ብዙ ዓይነት ዕቃ ለሚሸጥ፣ ወይም አገልግሎቶቹ በየራሳቸው ጉግል ላይ እንዲገኙለት ለሚፈልግ። ጉግል የሚያወጣው ገጽን ነው፤ አንድ ገጽ ደግሞ ያለው ዋና ርዕስ አንድ ነው። የሰርግ ፎቶንም፣ የፓስፖርት ፎቶንም፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግንም በአንዱ ማስወጣት ይከብዳል።

በባለሙያ ስታሰሩ "ሲንግል ፔጅ አፕሊኬሽን" እንዳትሉ። እሱ እንደ ጂሜይል ያለ፣ በአንድ ገጽ ውስጥ የሚሰራ ሙሉ ፕሮግራም ነው፣ ሌላ ዓለም። የጠየቃችሁት አንድ ወረቀት፣ የመጣላችሁ ፋብሪካ ይሆናል።

ወዳጄ በካርድ ጨረሰው፣ አንድ ከሰዓት ፈጀበት። "ዜና" የሚለውን እንዲያጠፋ ለማሳመን ግን ሳምንት ወስዶብኛል።