ሥጋ ቤት ሲኬድ፦ ሳይባክን፣ አካባቢም ሳይጎዳ እንዴት ይታዘዝ?

ጥያቄ፦ ለአራት ሰው ስንት ኪሎ ይበቃል? ከበሬ ይልቅ ፍየል ማዘዝስ ለአካባቢ ይሻላል? የተረፈውስ ምን ይደረግ?

መልስ 1፦ ብዙ ሰው 2 ኪሎ ያዛል፤ እጅግ ይበዛል። ከአጥንት የጸዳ 600 ግራም ጥብስ ከአንድ ሽሮ ጋር ለአራት ሰው ይበቃል። ሥጋ ሲጠበስ ውሃና ስቡ ወጥቶ ሩብ ያህል ክብደቱን ያጣል፤ ያም ታስቦ ነው። ጎድን ከሆነ ግን የአጥንቱን ጨምረህ 1 ኪሎ አድርገው። መጀመሪያ ግማሹን ብቻ አስጠብስ። ጥብስ ሲቀዘቅዝ ጮማው ይረጋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም፤ ብክነት ከዚህም ይመጣል።

መልስ 2፦ ፍየልም እንደ በሬ ያመሰኳል፣ ሚቴን ጋዝም ያወጣል። ለውጡ የሚታየው ወደ ዶሮ፣ ከዚያም በላይ ወደ ምስርና ሽሮ ሲዞር ነው። በየዓይነቱ ለረቡዕና ዓርብ ብቻ አይደለም፤ መሀል ላይ አድርጋችሁ ጥብሱን ማጣፈጫ አድርጉት። ደግሞ ሁሉም ሽንጥና ዳቢት ብቻ ሲጠይቅ የቀረው አካል ፈላጊ ያጣል። ዱለት፣ ምላስ ሰንበር እዘዙ።

መልስ 3፦ ስለ ትርፉ፦ ጥሬው ካልተበላ ጠረጴዛ ላይ ሳይቆይ ወዲያው ለጥብስ ይላክ። ለብለብ አይበቃም፣ የኮሶ ትልን እጭ አይገድልም፤ መሀሉ ቀይ እስከማይሆን ይብሰል። የበሰለውን አስጠቅልላችሁ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት። በማግስቱ ለጥብስ ፍርፍር ይሆናል።